ኮከቡን የሰጠው ማን ነው? ለፊልም መመዘኛ ድረ ገጾች አዘጋጆችና ለቤተሰብ ፊልም ተመልካቾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወገን፣ ፊልም ወጥቶ ሳያድር ኮከብና ፐርሰንት የምትለጥፉ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች አዘጋጆች ናችሁ። ሁለተኛው ወገን፣ እንደኔ ልጅ ይዛችሁ ሲኒማ የምትገቡና ስትወጡ ስልካችሁን አውጥታችሁ አስተያየት የምትጽፉ ተመልካቾች ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ አዲስ ሙዚቃዊ አኒሜሽን ወጣ። የቤተሰብ ፊልም የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ፊልም ይሰፋል። ከ6 ዓመት ልጄ፣ ከ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅና ከእናቴ ጋር ሆነን ገባን። አራታችንም አንድ ረድፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ያየነው ግን አራት የተለያየ ፊልም ነው።

መሃል ላይ አንድ ትዕይንት አለ። አባትየው ከሐዘኑ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዘፍን ይሞክራል። ሁለት ስንኝ እንዳለ ድምፁ ይቆረጣል። ሙዚቃውም ይቆማል። ከዚያ ትንሿ ልጁ ከበሩ ጀርባ ሆና የቀረውን ስንኝ ትቀጥልለታለች። ዘወር ብዬ ልጄን አየኋት። እጇ ፈንዲሻው ውስጥ እንደገባ ቀርቷል። ከንፈሯ ከልጅቷ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ግጥሙን ግን ገና አታውቀውም። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች። የእህቴ ልጅ ሰዓት ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትዕይንቱ ደስ እያለኝም "ይህን ዜማ የት ነው የሰማሁት?" እያልኩ ነበር። በየሬዲዮው ከሚሰማው የተለየ አልሆነልኝም።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ አንዱን መተግበሪያ ከፈትኩ። ፊልሙ ከ5 ኮከብ 3 ይላል። እሺ፣ መካከለኛ ነው ማለት ነው ብዬ አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። መካከለኛ ያለ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ሆነብኝ። ግማሹ "ድንቅ ነው" ይላል። ግማሹ "ጊዜዬን በላው" ይላል። አንዱ ብቻውን፣ ማታ፣ ከሥራ ሲወጣ ያየ ሰው ነው። ዘፈን በዛብኝ፣ ታሪኩ ሲጀምር ነው መጨረሻውን ያወቅኩት ብሎ 1 ኮከብ ሰጥቷል። ከሥሩ ያለችው እናት ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ፊልም ከመቀመጫው ሳይነሳ መጨረሱን ጽፋ 5 ሰጥታለች። ትንሽ ዝቅ ስል ደግሞ የ4 ዓመት ልጁን ይዞ ገብቶ፣ የጨለማው ጫካ ትዕይንት ሲመጣ ልጁ እየጮኸበት ተሸክሞት የወጣ አባት አገኘሁ። እሱም 1 ሰጥቷል።

የሁለቱ ሰዎች 1 ኮከብ አንድ ነው? የመጀመሪያው ፊልሙን አይቶ አልወደደውም። ሁለተኛው ፊልሙን አልጨረሰውም። እሱ የጻፈው ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ነገር ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ትኬት ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር። ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ ከላይ "3" ሆኖ ይታያል።

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። 100 ሰው ሁሉም 3 ቢሰጥ አማካዩ 3 ነው። 50 ሰው 5፣ 50 ሰው ደግሞ 1 ቢሰጥም አማካዩ 3 ነው። የመጀመሪያው ፊልም ማንንም ያልነካ ፊልም ነው። ሁለተኛው ተመልካቹን ለሁለት የከፈለ ፊልም ነው። እኔ እንደ ወላጅ የምፈልገው ሁለተኛው ለምን እንደከፈላቸው ማወቅ ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አይነግረኝም።

ፐርሰንት የምትጠቀሙትም ብትሆኑ ችግሩ አይቀርላችሁም። የሃያሲዎችን ጽሑፍ የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሮተን ቶሜቶስ፣ ላይ የሚታየው ፐርሰንት ስንት ሃያሲ አዎንታዊ ጽሑፍ ጻፈ የሚለው ነው እንጂ ፊልሙ ከመቶ ያገኘው ውጤት አይደለም። 60 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ቲማቲም፣ ማለትም የ"ጥሩ ነው" ምልክት፣ ይሰጠዋል። ስለዚህ አብዛኛው ሃያሲ "ምንም አይልም" ያለው ፊልም 95 ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ሰው ግን 95ን እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚያነበው። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማነበው።

ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ፣ ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት፣ ካርድ እያስሞላ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ያለውን ደረጃ ያወጣል። ካርዱ ላይ ዕድሜና ፆታ ይጠየቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ማን እንደመለሰ ለማወቅ ይሞክራል። ግን እሱም የመጀመሪያው ምሽት ነው። በመጀመሪያው ምሽት የሚገባ ሰው ፊልሙን አስቀድሞ የጓጓለት ሰው ነው። የልጅ ፍርድ ደግሞ በመጀመሪያው ምሽት አያልቅም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ፊልሙን ሳያዩ ኮከብ የሚሰጡም አሉ። ትሬለር ወጥቶ የዋናዋን ገጸ ባሕርይ መልክ ያልወደደ ሰው፣ ፊልሙ ሳይከፈት 1 ኮከብ እየደረደረ ያድራል። ይህ የታወቀ በሽታ ነው። መድኃኒትም ተሞክሯል። ሮተን ቶሜቶስ እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ከመውጣቱ በፊት አስተያየት መጻፍን አስቀረ። በዚያው ዓመት ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ተመልካቾችን ውጤት ለይቶ ማሳየት ጀመረ። ታዲያ "ትኬት ገዝተሃል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ከተቻለ "ከማን ጋር አየኸው?" ብሎ መጠየቅ ለምን ያቅታል? የደብዳቤዬ ዋና ነገር ይህ ነው።

የቤተሰብ ፊልም የሚሠራው በዋናነት ለልጅ ነው። አስተያየት የሚሰጠው ግን ልጅ አይደለም። ልጅ አካውንት የለውም። እንዲኖረውም አልፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ድረ ገጾች ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ የልጁን ቃል ይዞ መምጣት ያለበት አጠገቡ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ነው። እናንተ ግን ለትልቁ ሰው የሰጣችሁት አምስት ኮከብና አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ብቻህን አየህ? ከልጅ ጋር ነው? የስንት ዓመት ልጅ? እስከ መጨረሻው ቆየ? ፈራ? ተነስቶ ዘለለ? አንዱም አይጠየቅም።

ሌላም የማይጠየቅ ነገር አለ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደታየ። ሙዚቃዊ አኒሜሽን ወደ ብዙ ቋንቋ ይመለሳል። ንግግሩ ብቻ ሳይሆን ዘፈኑም እንደገና ይጻፋል፣ በሌላ ዘፋኝ ድምፅ ይቀረጻል። ተርጓሚው ትርጉሙን መጠበቅ አለበት፣ ዜማው ላይ መግጠም አለበት፣ ከገጸ ባሕርይዋ አፍ እንቅስቃሴ ጋርም መሄድ አለበት። ሦስቱንም አንድ ላይ ማምጣት ቀላል ሥራ አይደለም። አንድ ሰው "ግጥሙ ደካማ ነው" ብሎ ሲጽፍ የትኛውን ግጥም ነው የሚለው? እኔ የሰማሁት እሱ ከሰማው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለታችንም ግን አንድ ቁጥር ውስጥ ገብተናል።

አሁን "ዘፈን በዛ" ስለሚለው ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚጣላበት እዚህ ላይ ነውና።

በእንዲህ ዓይነት ፊልም ዘፈኑ ታሪኩን የሚያቋርጥ ማስታወቂያ አይደለም። ታሪኩ ራሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚመኘውን ነገር የሚዘፍንበት ቦታ አለ። ያ ዘፈን ከወጣ ቀጥሎ የሚመጣው ጉዞ ሁሉ ምክንያት ያጣል። ሥራውም ቢሆን የሚጀምረው ከድምፅ ነው። ዘፈኑና ንግግሩ አስቀድሞ ይቀረጻል፣ ከዚያ አኒሜተሮቹ ድምፁን እየሰሙ እንቅስቃሴውን ይሠራሉ። አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ሥዕል፣ ነው። 3 ደቂቃ ዘፈን 4,320 ፍሬም ይሆናል። ይህን የማነሳው "ስለለፉበት ውደዱት" ለማለት አይደለም። ልፋት ብቻውን ፊልም አያሳምርም። ግን ዘፈኑን ዘልሎ ታሪኩን መመዘን፣ ከቤቱ ምሰሶውን አውጥቶ ጣሪያውን እንደ መመዘን ነው።

እኔ ራሴ ያየሁት ፊልም ላይ ቅሬታ አለኝ። ሁለተኛው አጋማሽ ይጓተታል። ክፉው ሰውዬ ለምን ክፉ እንደሆነ አልገባኝም። ሁለት ዘፈኖች ከፊልሙ ይልቅ ለሽያጭ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ይህን ስናገር "አንቺ ደግሞ፣ የልጅ ፊልም እኮ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ያሉኝ ጓደኞች አሉ። ይህ አባባል በጣም ያሳዝነኛል። ለልጅ የሚሠራ ነገር ዝም ብሎ ይሠራል ማለት ነው? ልጅ በዕድሜ ትንሽ ነው እንጂ ጆሮው ትንሽ አይደለም። እንዲያውም አንድን ዘፈን መቶ ጊዜ የሚሰማው እሱ ነው። ከማንም በላይ ጥሩው የሚገባው ለእሱ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ "ልጄ ወዶታል፣ ስለዚህ አሪፍ ፊልም ነው፣ አለቀ" የሚሉ አሉ። በዚህም አልስማማም። ልጅ በሞቅታ ውስጥ ብዙ ነገር ይወዳል። የሚቁነጠነጥ ልጅም ሁልጊዜ "አልወደድኩትም" ማለቱ አይደለም። ለዚህ የማውቀው ጥሩ ምሳሌ የዲዝኒው አኒሜሽን "ዘ ሊትል መርሜይድ" ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከመውጣቱ በፊት ገና ያላለቀው ፊልም ለሙከራ ሲታይ፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የምኞት ዘፈን ላይ ልጆች መቁነጥነጥ ጀመሩ። የስቱዲዮው ኃላፊ ዘፈኑ ይውጣ አሉ። የግጥሙ ደራሲ ሃዋርድ አሽማንና ዳይሬክተሮቹ አይሆንም ብለው ተከራከሩ። ትዕይንቱ በዚያን ሰዓት ገና ሥዕሉ አልተጠናቀቀም ነበር። የተሻለ ተሠርቶ እንደገና ሲታይ ልጆቹ ያዳምጡት ጀመር። ዘፈኑም ከፊልሙ ሳይወጣ ቀረ። በአንድ ምሽት መቁነጥነጥ ተፈርዶበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር።

ለዚህ ነው የልጅ ፍርድ በመጀመሪያው ምሽት አያልቅም ያልኩት። ልጅ የሚፈርደው በመደጋገም ነው። የዲዝኒው "ኤንካንቶ" እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሲኒማ ገባ፣ ከአንድ ወር በኋላ ቤት ውስጥ መታየት ጀመረ። ዲዝኒ ለኦስካር የላከው አንድ ለስለስ ያለ የስፓኒሽ ዘፈን ነበር፤ እጩም ሆኗል። ልጆች ግን ሌላ ዘፈን መረጡ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስለ አጎት ብሩኖ የሚያንሾካሹክበትን። በየቤቱ እየደጋገሙ አስከፈቱት፣ በየመኪናው ዘፈኑት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በቢልቦርድ የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ ለ5 ሳምንት አንደኛ ሆነ። የትኛውም የመክፈቻ ምሽት ውጤት ይህን አስቀድሞ አልተናገረም።

ከዚያም ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልግ ፊልም አለ። "ስሊፒንግ ቢዩቲ" እ.ኤ.አ. በ1959 ሲወጣ ለዲዝኒ በዚያን ጊዜ ትልቅ የሚባል፣ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ የወጣበት ፊልም ነበር። ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። ሃያሲዎችም ብዙ አላሞገሱትም። ዛሬ አኒሜሽን የሚማሩ ሰዎች የጀርባ ሥዕሎቹን እያቆሙ ያጠኗቸዋል። ያኔ ልጅ ሆነው ያዩት ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው መልሰው አዩት።

ሲኒማ ውስጥ መዘመር ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ሌላው ጭቅጭቅ ነው። ልጄ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ተነስታ ቆመች። ከኋላችን የነበረው ሰውዬ "እባክሽ አስቀምጫት" አለኝ። በትህትና ነው ያለኝ፤ ከፍሎ የገባ ሰው ነው፣ መብቱም ነው። አስቀመጥኳት። ፊቷ ግን ወዲያው ተለወጠ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን አንድ አዳራሽ ውስጥ ማስቀመጥ ነው ልክ ያልሆነው። "ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ" የተባለው ሙዚቃዊ አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቶ ከተወደደ በኋላ፣ በነሐሴ ለሁለት ቀን ብቻ ሲኒማ ቤቶች አስገብተው ተመልካች አብሮ እንዲዘፍን አደረጉ። ማን ለምን እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፣ የሚቆጣ የለም። አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ደግሞ ድምፅና ጨለማ ለሚከብዳቸው ልጆች መብራቱን ሳያጠፉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያሳያሉ። እነዚህ ነገሮች መመዘኛችሁ ላይም ሊታዩ ይገባል። በዝምታው አዳራሽ የታየውና በጭፈራው አዳራሽ የታየው አንድ ዓይነት ምሽት አይደለም።

ስለዚህ አዘጋጆች ሆይ፣ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። አንድ ሰው ለቤተሰብ ፊልም ኮከብ ሲሰጥ ከማን ጋር እንዳየው ጠይቁት። ከልጅ ጋር ከሆነ የልጁን ዕድሜ ብቻ ይሙላ፤ ስም አያስፈልግም፣ ፎቶ አያስፈልግም። ቋንቋውንም ይምረጥ። ከዚያ እኔ ገጹን ስከፍት "ከ4 እስከ 6 ዓመት ልጅ ይዘው ያዩ" የሚለውን ለይቼ ማንበብ ልቻል። አማካዩን ስታሳዩ ስንት ሰው 5፣ ስንት ሰው 1 እንደሰጠም አጠገቡ አስቀምጡልን። የምታሳዩ አላችሁ፣ ግን ሦስት ጊዜ ተጭነን ነው የምናገኘው። ደግሞ ከወር በኋላ አንድ መልእክት ላኩልን፤ ፊልሙ ቤት ውስጥ አሁንም ይነሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁን። የዚያን ጊዜ የምንሰጠው መልስ ከመጀመሪያው ምሽት ይልቅ እውነት ይሆናል።

እናንተ ተመልካቾች ደግሞ፣ መጠየቃቸውን አትጠብቁ። ዛሬውኑ መጻፍ እንችላለን። "ቦሪንግ" ብቻ ብላችሁ አትውጡ። ከማን ጋር እንደገባችሁ ጻፉ። አጠገባችሁ ያለው ልጅ የቱ ጋ እንደሳቀ፣ የቱ ጋ እንደተጠመጠመባችሁ ጻፉ። ብቻችሁን ያያችሁም ብትሆኑ ብቻዬን ነው ያየሁት በሉ፤ አስተያየታችሁ አያንስም፣ እኔም ብቻዬን አኒሜሽን የማይበት ጊዜ አለ። ሌላው ሰው ያልወደዳችሁትን ስለወደደ ደግሞ "ጣዕም የለህም" አትበሉት። ከጎኑ ማን እንደነበረ አታውቁም።

እኔ ያን ማታ ምንም ሳልጽፍ ነበር ስልኬን የዘጋሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ጻፍኩ። ልጄን አስቀድሜ ጠየቅኳት። ስንት ኮከብ ትሰጪዋለሽ ስላት "ለየቱ?" አለችኝ። ለፊልሙ አልኳት። ለአባትየው ዘፈን አምስት፣ ለጫካው ሁለት፣ ለክፉው ሰውዬ ምንም አልሰጥም አለች። የእህቴ ልጅ የሕፃን ፊልም ነው ብሎ 2 ሰጠ። በማግስቱ ጫማውን ሲያስር ያንኑ ዜማ ያፏጭ ነበር። እናቴ ቁጥር አልሰጠችም። የዘፈኑን ስም ብቻ ጠየቀችኝና ስልኳ ላይ ጫንኩላት።

አስተያየቴ እንዲህ ይላል፦ "3 ኮከብ፣ ከኔ። ከ6 ዓመት ሴት ልጅ፣ ከ11 ዓመት ወንድ ልጅና ከአያታቸው ጋር ነው ያየሁት። የጫካው ትዕይንት ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያስፈራ ይችላል፤ ከጀመረ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ሁለተኛው አጋማሽ ይረዝማል። የአባትየው ዘፈን በሦስተኛው ሳምንትም ቤታችን ውስጥ አለ።"

ከሥሩ አንዲት ሴት የ4 ዓመት ልጅ እንዳላትና የጫካው ትዕይንት ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። መለስኩላት።

ከአክብሮት ጋር፣
ልጆችና እናቷን ይዛ ሲኒማ የምትገባ አንዲት ተመልካች